የኦረስት እጆች

በከተማችን በሀርስቢ ውስጥ ወንድ ልጅ በእጁ የሚሠራው ነገር የታወቀ ነው። የትራክተር መሪ ይይዛል፣ የበረዶ ሆኪ ዱላ ይጨብጣል፣ ቅዳሜ ሲሆን የቢራ ጠርሙስ አንገት ያንቃል፤ ሥራ ከፈታ ደግሞ እጆቹን ኪሱ ውስጥ ይከታቸዋል። ከዚህ የተለየ የወንድ እጅ አናውቅም፣ ብናይም አንወድም። ኦረስት ላይ የወረደው ጣጣ ሁሉ እንግዲህ ከእጁ ነው የመጣው። እግሩንማ ማን ጠልቶበት! በከተማው እንደሱ የፈጠነ እግር አልነበረም፤ ይህን ጠላቱም አይክደውም።

አባቱ ዋሲል የከተማችን የበረዶ ሜዳ ሠራተኛ ነበር። ሠራተኛ ስል ታዲያ ተራ ነገር እንዳይመስላችሁ። በእኛ ክፍለ ሀገር፣ በሳስካችዋን፣ ብርዱ ስድስት ወር ነው፤ በዚያ ስድስት ወር የሚጠናናው ወጣት፣ የሚጣላው ጎረቤት፣ የሚታማው ሁሉ እዚያ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ነው። ዋሲል «ዛሬ በረዶው አልጠናም» ካለ ጨዋታ የለም፤ ከንቲባው ቢንበረከክም የለም። ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ውሃውን በቀጭኑ እያፈሰሰ የሚያነጥፈው በረዶ፣ እውነቱን ለመናገር፣ መልክ ያሳይ ነበር።

ይህ ሰው በዚህ ዓለም ላይ የሚጠላቸው ሁለት ነገሮች ማክሰኞና ሐሙስ ነበሩ። በእነዚህ ቀናት ሜዳው የሴት ልጆቹ ነው፤ በሙዚቃ እየተሽከረከሩ የሚዘሉት ልጆች። የእነሱ ጫማ እንደ ሆኪው አይደለም፣ ስለቱ ጫፍ ላይ የመጋዝ ጥርስ አለው። ለመዝለል ሲነሱ ያንን ጥርስ በረዶው ላይ ይሰኩታል። እነሱ ወጥተው ሆኪ እስኪገባ ባለው ግማሽ ሰዓት ዋሲል በጉልበቱ እየዳኸ፣ በባልዲ የያዘውን የረጠበ በረዶ እያንዳንዷ ጉድጓድ ውስጥ እየጠቀጠቀ ይደፍናል። አፉም አያርፍም። «ድንች ይትከሉበት አንደኛውን! ማረሱንማ አርሰውታል!»

እግዜር ሲቀልድ ታዲያ የዚህን ሰው አንድ ልጅ ከቆፋሪዎቹ መሀል አደረገው።

ኦረስት በአምስት ዓመቱ እንደማንኛውም ወንድ ልጅ ሆኪ ገባ። ፓኳን፣ ማለት ያቺን ጥቁር የጎማ ክብ፣ አንዴ ከያዘ የሚቀማው አልነበረም። ችግሩ፣ ግቡ ጋ ሲደርስ አይመታም። በግቡ ዙሪያ ዞሮ አንድ የሚያምር ቅስት ይሠራና ይመለሳል። «ምታ እንጂ አንተ ልጅ! ልትጎበኘው ነው እንዴ የሄድከው?» ብሎ ይጮኻል አሰልጣኙ። ሰው ይስቃል። ሊገጩት ሲመጡም አይገጭም፤ ዘወር ይላል። ዘወር ማለት ደግሞ በእኛ ከተማ ከመውደቅ የባሰ ነው።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው ሚስስ ኬልሶ አዩት። ሚስስ ኬልሶ የሴቶቹ አሰልጣኝ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ከከተማ ከተማ በሚዞር የበረዶ ትርኢት ውስጥ ሠርተዋል። ከወፍራም ካፖርታቸውና ከሻይ ፔርሙዛቸው ተለይተው አያውቁም። እሁድ፣ ሕዝቡ እንደፈለገ በሚንሸራተትበት ሰዓት፣ ልጁን ክንዱን ይዘው አስቆሙት።

«የማን ልጅ ነህ አንተ?»

«የዋሲል።»

«የባልዲው ዋሲል?»

«አዎ።»

«ጉድ ፈላ!» አሉና ቀጥታ ወደ አባትየው ሄዱ። «ዋሲል፣ ይህን ልጅ ለእኔ ስጠኝ። እግሩን አጠነክርልሃለሁ፣ ለሆኪውም ይሆነዋል።» ውሸታቸውን ነው። ዋሲልም ሳይገባው አልቀረም።

«ሁለት ዓመት» አለ፣ ከሥራው ቀና ሳይል። «ከዚያ ይመልሱልኛል።»

አልመለሱለትም።

ለወንድ ልጅ የሚሆን ጥቁር ጫማ ሀርስቢ ውስጥ ከየት ይምጣ? እናቱ ስቴላ፣ የሜዳውን ኩሽና ይዛ ድንች እየጠበሰች የምትሸጠዋ፣ ከእህቷ ልጅ ነጭ የሴት ጫማ ለመነችና በምድጃ ቀለም አጠቆረችው። ቀለሙ ታዲያ በረጠበ ቁጥር ይለቃል። ልጁ አንድ ሰዓት ከተንሸራተተ አፍንጫውና ተረከዙ ላይ ነጩ ብቅ ይላል። የሆኪ ልጆች ይህቺን ነው የሚጠብቁት። «ኧረ የውስጥ ልብስሽ ታየ፣ ኦረስቲና!» ይላሉ ሜዳውን የከበበው መስታወት ላይ ተደርድረው። «ነይ እስቲ አንዴ ዙሪልን፣ የኔ ቆንጆ!» እሱ ቤት ገብቶ ጫማውን መልሶ ይቀባል።

ሚስስ ኬልሶ መዝለል አስተማሩት፣ መሽከርከር አስተማሩት። እጁን ግን ማንም አላስተማረውም። አሥራ አራት ዓመት ሲሞላው አንድ ማክሰኞ የአያቱን የሙዚቃ ሸክላ ይዞ መጣ፤ ቃል የሌለው፣ ዝግ ያለ፣ ሽማግሌው ከዩክሬን ይዘውት የመጡት የቫዮሊን ዜማ ነው። ዜማው ሲጀምር ቀኝ እጁ ከጎኑ ተነሳ። ክርኑ ቀደመ፣ አንጓው ተከተለ፣ ጣቶቹ ከሁሉ በኋላ ደረሱ። ከዚያ መላ ሰውነቱ እጁ ወዳለበት ሄደ። ሠላሳ አንድ ሴት ልጆች ሜዳው ዳር ቆመው ጸጥ አሉ። የሚስስ ኬልሶ ሻይ እጃቸው ላይ ቀዘቀዘ። ምኑን ልንገራችሁ፣ ሆድ ያባባል! ወንድ እንዲያ ሲሆን አይተን አናውቅም፤ ሴትም እንዲያ ስትሆን አይተን አናውቅም።

አንድ ሰው ብቻ አላየም። የልጁ ሙዚቃ ሲጀምር ዋሲል የያዘውን ያስቀምጥና በረዶውን የሚያቀዘቅዘው ሞተር ያለበት ክፍል ገብቶ በሩን ከኋላው ይዘጋል። አይቆጣም፣ አይከለክልም። ገብቶ ይዘጋል፣ በቃ። ሙዚቃው ሲያልቅ ይወጣና ልጁ የቦረቦረውን ይደፍናል። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ አይደል? በረዶውን ያነጠፈው አባት፣ ልጁ በረዶው ላይ ምን እንደሚመስል አያውቅም።

«አባትህ እንዲህ ነው» ትለዋለች ስቴላ። «ሲወድህም ጀርባውን ሰጥቶ ነው።»

«ጀርባውንማ በደንብ አውቀዋለሁ፣ እማዬ።»

ኦረስት ሜዳሊያ አልተመኘም አልልም። ግን ከሜዳሊያው አስበልጦ የሚፈልጋት አንዲት ነገር ነበረች። አባቱ መስታወቱ ጋ ቆሞ፣ አራት ደቂቃ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲያየው። ቢወደው እሰየው፤ ባይወደውም ባይወደው። ብቻ ይየው።

ወሬ አልነበረም ወይ? ሞልቶ! ልጁ ሴታሴት ነው፣ ልጁ እንዲህ ነው፣ ልጁ እንዲያ ነው። ኋላ የፖስታ ቤቷን ኢርማን ሲያገባ ያ ሁሉ ወሬኛ ሠርጉ ላይ ተሰይሞ በሩዝና በሥጋ የተሞላውን የጎመን ጥቅል ሲያጋብስ አይቼዋለሁ። ባያገባስ ኖሮ ምን አገባቸው?

አሥራ ሰባት ዓመቱን በያዘበት መጸው፣ በፈረንጆቹ 1980 መሆኑ ነው፣ ሚስስ ኬልሶ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ሬጅና ድረስ ይዘውት ሄዱ። ጥር ላይ የክፍለ ሀገሩ ውድድር አለ፤ ከአንድ እስከ ሦስት የወጡት አልፈው ከመላው የአገሪቱ ምዕራብ ከመጡት ጋር ይገናኛሉ። ከዚያ በፊት አንድ ዳኛ ልጁን አይቶ ሐሳቡን እንዲሰጥ ነበር የሄዱት። ኦረስት በቫዮሊኑ ዜማ ተንሸራተተ። አልወደቀም። ዳኛው ሚስስ ኬልሶን ወደ ኮሪደሩ ጠራቸው፤ በሩ ግን ክፍት ነበርና ልጁ ጫማውን እየፈታ ሁሉንም ሰማ።

«ልጁ ተሰጥኦ አለው፣ ሚስስ ኬልሶ። እጆቹ ግን!»

«እጆቹ ምን ሆኑ?»

«ኧረ እርስዎም ያውቁታል። ሴት ብትሆን ኖሮ አድናቂዋ እኔ ነበርኩ። ወንድ ልጅ ወንድ ይምሰል እንጂ! የማርሽ ሙዚቃ ያስገቡበት፣ ወታደር ነገር ያድርጉት። ይህንን ይዞ ጥር ላይ ከመጣ ዳኞቹ ዓይናቸውን ነው የሚያዞሩት። ለልጁ ብዬ ነው።»

ለልጁ ብዬ ነው! ስንቱ ክፉ ሥራ በዚህች ቃል ተሠርቷል፣ እናንተዬ።

ሚስስ ኬልሶ ሀርስቢ ተመልሰው በማግስቱ ከዋሲል ሣጥን ሁለት ፓክ አውጥተው አንዱን በቀኙ፣ አንዱን በግራው አስጨበጡት። «አጥብቀህ ያዝ። እኔ ልቀቅ እስክልህ እንዳትለቅ።» ኦረስት ሦስት ወር ሙሉ ፓክ ጨብጦ ዘለለ፣ ፓክ ጨብጦ ተሽከረከረ። እጁ ሊከፈት ሲል ፓኩ ይወድቃል፤ ሲወድቅ ደግሞ ከመጀመሪያው ይጀመራል። ወደ መጨረሻው ገደማ እራት ላይ ሹካውን ሲይዝ ጣቶቹ አልፈታ ይሉት ጀመር። ስቴላ አየችና ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች።

ዋሲል ሁለት ፓክ እንደጎደለው ያወቀው በሁለተኛው ቀን ነው። ለምን እንደተወሰዱ ሲነግሩት «እስቲ እግዜር ይስጣቸው» አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሞተር ቤቱ በር ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም፤ ገርበብ ይል ጀመር። ያቺን ስንጥቅ ኦረስት ከሜዳው መሀል ሆኖ ያያታል። በማርሹ ካለፍኩ ይወጣል አለ በልቡ። ይወጣና ያየኛል።

ጥር ደረሰ። ዋሲል አልሄደም፤ የዚያን ቀን ሀርስቢ ሆኪ ነበረ፣ በረዶውን ማን ያነጥፍ? ኦረስት አንገቱ ድረስ የተቆለፈ ሰማያዊ ልብስ ለብሶ በከበሮ ወጣ። ጡጫውን ጨብጦ ረገጠ፣ ደረቱን ነፋ፣ ዘለለ። ከአንዲት ዝላይ በቀር ሁሉንም አሳካ። ለዝላዩ ጥሩ ነጥብ ሰጡት። ለጥበቡ፣ ለውበቱ የሚሰጠው ነጥብ ሲነበብ ግን አዳራሹ ራሱ አጉረመረመ። አራተኛ ወጣ።

ያው ዳኛ ኮሪደሩ ላይ ሚስስ ኬልሶን አገኛቸው። «ምን ነካው? ደረቀ እኮ! ነፍስ የለውም። ያ በፊት ያየሁት ልጅ የት ሄደ?»

ሚስስ ኬልሶ ያንን ሰው በፔርሙዙ አናቱን አለማለታቸው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ኦረስት ቤት ሲደርስ ዋሲል ደጅ በረዶ እየዛቀ ነበር። «ስንተኛ?»

«አራተኛ።»

«አራተኛ መጥፎ አይደለም» አለና መዛቁን ቀጠለ። በሚቀጥለው ማክሰኞ የሞተር ቤቱ በር ድርግም ብሎ ተዘጋ።

ሚስስ ኬልሶ ልጁን ኩሽና ውስጥ አስቀምጠው ድንች አዘዙለት። «ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «አውቄ ነው የሠራሁት። እጅህን ከፍቼ መላክ ነበረብኝ፤ ቢጥሉህም እጅህን ከፍተህ በወደቅህ። አሁን ስማኝ። መጋቢት ላይ ትርኢት አለን። ማሳረጊያው ያንተ ነው። የቫዮሊን ዜማህን ይዘህ፣ መብራቱ ሁሉ ጠፍቶ አንዱ ብቻ በርቶ፣ ለገዛ ከተማህ ሰው። ለማንም ዳኛ አይደለም።» ኦረስት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። «አባዬ ይመጣል?» «ሜዳው የሱ አይደል? የት ይሄዳል!» አሉት።

የመጋቢቱ ትርኢት የወቅቱ መዝጊያ ነው። የአራት ዓመት ሕፃናት ንብ ሆነው ይወጣሉ፣ ይወድቃሉ፣ ያለቅሳሉ። ሰው ግን የሚመጣው ለእነሱ አይደለም። የሆኪ ቡድኑ ለሚሠራት አንዲት ጨዋታ ነው። ጎረምሶቹ ከመጋረጃ የተሰፋ ሮዝ ቀሚስ ለብሰው፣ ደረታቸው ውስጥ ፊኛ ከተው፣ ከንፈራቸውን አቅልተው ይወጡና እንደ ሴቶቹ ለመሽከርከር እየሞከሩ ይፈጠፈጣሉ። አያቴ ያን እያዩ ነው የሳቁት፣ አባቴም እንዲሁ። ዋሲል በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለዚህች ጨዋታ ብቻ ከሞተር ቤት ወጥቶ መስታወቱ ጋ ይቆማል። ቀርቶ አያውቅም።

በዚያ ዓመት ታዲያ መጋቢት ሞቀ። ጣሪያው ያንጠባጥብ ጀመር። ትርኢቱ ሦስት ቀን ሲቀረው ዋሲል ኮሚቴው ፊት ቆሞ «በረዶው ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ አይሸከምም» አለ። እሱ ካለ አለ ነው። ኮሚቴው ከፕሮግራሙ ላይ መቁረጥ ነበረበትና ለብቻ የሚሠራውን ሁሉ ሰረዘ። ንቦቹ ቀሩ፤ የቀሚሱ ጨዋታማ ማን ይነካዋል! የኦረስት ማሳረጊያ ተሰረዘ። ዋሲል ሆነ ብሎ ነው ወይስ ለበረዶው ብሎ? እንጃ። ጣሪያው ግን እውነትም ያፈስ ነበር።

ሚስስ ኬልሶ ሞተር ቤት ድረስ ሄደው ጮኹበት። «አንተ ሰውዬ፣ ልጅህ ነው እኮ!»

«በረዶ ዘመድ አያውቅም፣ ሚስስ ኬልሶ» አለ ዋሲል።

በዚያው ቀን የሆኪው ቡድን አምበል ጋርኔት ኦረስትን መንገድ ላይ አገኘው። ጋርኔት ትከሻው በር የሚያክል፣ ልቡ ክፉ ያልሆነ ልጅ ነው፤ ኦረስቲና የሚለውን ስም ያወጣው ግን እሱ ነው።

«ስማ፣ ማሳረጊያህ ተሰረዘ አሉ። ለምን ከእኛ ጋር አትገባም?»

«ከእናንተ ጋር?»

«ቀሚሱ ላይ! እኛ ስንዞር እንወድቃለን፣ አንተ ደግሞ የእውነት ትዞራለህ። ወንድሜ፣ ሰው በሳቅ ነው የሚያልቀው!»

ኦረስት ከማንም ጋር ግባ ተብሎ ሲጠራ ይህ የመጀመሪያው ነው። እሱ ግን ያሰበው ሌላ ነው። አባዬ ለዚህች ይወጣል። ለዚህች ብቻ።

«መሀል ላይ በራሴ ሙዚቃ ልሥራ» አለ። «እናንተ ዳር ትቆማላችሁ።»

«ችግር የለም! ቀሚሱን ግን ትለብሳለህ። ቀሚስ ያልለበሰ አይገባም፣ ሕግ ነው።»

«እለብሳለሁ።»

ሚስስ ኬልሶ ሲሰሙ ቀለማቸው ጠፋ። «አታድርገው፣ ልጄ። በቀሚስ የገባ ነገር በሳቅ ነው የሚወጣው። እኔ በትርኢት ኖሬያለሁ፣ ሰውን አውቀዋለሁ።»

«ሲጀመር ይስቃሉ» አላቸው ኦረስት። «እጄን ሲያዩ ግን ያቆማሉ። እርስዎስ ሻይዎ ቀዝቅዞ የለ?»

አሥራ ሰባት ዓመቱ ነዋ። በዚያ ዕድሜ ሰው እውነት ከታየች ሁሉም የሚያውቃት ይመስለዋል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም አለ። ንቦቹ ወድቀው አልቅሰው ወጡ። ከዚያ ጎረምሶቹ ገቡ፣ ጣሪያው በሳቅ ተናወጠ። ጋርኔት ፊኛው ፈንድቶ አንድ ጡት ቀረው፤ ሴቶቹ ወንበር ላይ ተደፉ። ኦረስት በዚያው ሮዝ ቀሚስ፣ ፊኛም ቀለምም ሳያደርግ፣ ከኋላ ይጠብቃል። ወደ ሞተር ቤቱ አየ። በሩ ተከፍቷል። አባቱ መስታወቱ ጋ ቆሟል፣ ቆቡን በእጁ ይዞ።

ጎረምሶቹ ወደ ዳር ሄዱ። ቫዮሊኑ ጀመረ።

ቀኝ እጁ ከጎኑ ተነሳ። ክርኑ፣ አንጓው፣ ጣቶቹ። ሦስት ወር የተጨበጠ እጅ ነው፤ ግን ተከፈተ፣ ከበፊቱም ይልቅ ተከፈተ። አዳራሹ ለአንዲት ትንፋሽ ያህል ጸጥ አለ። እውነቴን ነው፣ ለአንዲት ትንፋሽ። ከዚያ ከላይኛው ወንበር አንዱ «ውይ ውይ፣ እጇን እዩልኝ!» አለና አዳራሹ ፈነዳ።

ኦረስት አላቆመም። ይደክማቸዋል አለ። ሲዘል ቀሚሱ ይገለባል፣ ሰው ይጮኻል። ሲሽከረከር ቀሚሱ እንደ ጃንጥላ ይከፈታል፣ ሰው ወለሉን በእግሩ ይደበድባል። ዝግ ባለ ቁጥር፣ በረቀቀ ቁጥር፣ የባሰ ይስቃሉ። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ሠርቶ አያውቅም፤ ጥር ላይ የሳታትን ዝላይ እንኳ ያለምንም ግድፈት አረፈባት። በዚያች ዝላይ ላይ አንዲት ሴትዮ በሳቅ ትንታ ይዟት ወደ ውጭ ተወሰደች። ሚስስ ኬልሶ ፔርሙዛቸውን ይዘው ተነስተው ሄዱ።

መጨረሻ ላይ ሁለት እጁን ወደ መስታወቱ ዘርግቶ ቆመ። እዚያ ማን እንዳለ ያውቃል። አባቱ መስታወቱን ተደግፎ፣ ሆዱን ይዞ፣ እንባው በጉንጩ እየወረደ ይስቅ ነበር። አንድም ጊዜ ዓይኑን አልነቀለም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይቶታል።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ጎረምሶቹ ኦረስትን ተሸክመው አስገቡት፣ ቢራ አስያዙት። ከዚያ በሩ ተከፈተና ዋሲል ገባ። ዓይኑ ገና አልደረቀም።

«አንተ ልጅ!» አለ። «ገደልከን እኮ! ያ እጅህ! ያ እንዲህ እንዲህ የምታደርገው!» በዚያ በባልዲ በሻከረ እጁ አየሩ ላይ አሳየ። «ልክ ሴት! ቁርጥ ሴት! ከየት ነው ያመጣኸው?»

ኦረስት አባቱን አየ።

«እኔ ደግሞ» አለ ዋሲል፣ እጁን የልጁ ትከሻ ላይ እየጣለ፣ «ያ ሁሉ ዓመት የምርህን መስሎኝ! ሞተር ቤት ገብቼ ጆሮዬን ስይዝ! ለካስ ልታሾፍባቸው ነው የምትለማመደው!» ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ትንሽ ደከመና፣ እጁን ከትከሻው ሳያነሳ፣ ፊቱን ወደ ልጁ ፊት አስጠጋ። ዓይኑ ውስጥ ፍርሃት ነገር ገባበት። «ቀልድህን ነው፣ አይደል?»

እጁ ከባድ ነበር፣ ሙቅም ነበር። ኦረስት አባቱ ትከሻው ላይ እጁን ያሳረፈበትን ሌላ ቀን አያስታውስም። አይደለም ቢለው ያ እጅ እንደሚነሳ፣ ተነስቶም እንደማይመለስ አወቀ።

«ቀልዴን ነው፣ አባዬ» አለ።

ከዚያን ቀን ወዲያ ኦረስትን የሚጠላ ሰው ሀርስቢ ውስጥ አልነበረም። መንገድ ላይ ያቅፉታል፣ ቢራ ይጋብዙታል። የሚቀጥለው መጋቢት ሲደርስ «ያቺን ነገርህን» አሉት፤ ሠራላቸው። ከዚያ በኋላም፣ ከዚያ በኋላም። አባቱ ጡረታ ሲወጣ የሜዳውን ቁልፍ እሱ ወረሰ። አባቱ እስኪሞት ድረስ ሃያ ሦስት መጋቢት በዚያ ቀሚስ ወጣ። ሰው የት ላይ እንደሚስቅ ስለለመደ ለሳቁ ቦታ ይተውለት ጀመር፤ እዚህ ጋ አንጓውን ቅንጥስ፣ እዚያ ጋ ዳሌውን ወጣ። ዋሲል ከአንዱም አልቀረም፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት በተሽከርካሪ ወንበር እየተገፋ መጥቶ ሳቀ። ሲሞት ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ተቀምጠን ፔሮጊ የሚባለውን በድንች የተሞላ ሊጥ ስንበላ ለቀስተኛው ሁሉ ለኦረስት አንድ ነገር ነበር የሚነግረው። «አባትህ በዚያ ጨዋታህ እንዴት ይኮራ ነበር መሰለህ!»

በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ፣ አዲሱ በረዶ በተነጠፈ በመጀመሪያው ጠዋት፣ ኦረስት ብቻውን ሜዳው ላይ ነበር። አርባ ዓመቱ ነው፣ ጉልበቱ ገና ይታዘዘዋል። ከእንግዲህ ማሳቅ ያለበት ሰው የለም። በሩን ከውስጥ ቆለፈ፣ የቫዮሊኑን ሸክላ ከፈተ፣ መሀል ገብቶ ቆመ። ለማንም ሳይሆን፣ እንደ አሥራ አራት ዓመቱ፣ አንዴ ሊሠራት ነው።

ቀኝ እጁ ተነሳ። ክርኑ ቀደመ። አንጓው ቅንጥስ አለ፣ ዳሌው ወጣ፣ ሰውነቱም ቀጥ ብሎ ቆሞ ባዶው አዳራሽ እስኪስቅ ጠበቀ።

ሸክላውን ወደ መጀመሪያው መልሶ እንደገና ሞከረ። እጁ እዚያው ቦታ ላይ ቅንጥስ አለ። በሦስተኛው ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቀስ ብሎ፣ እጁን በሌላኛው እጁ ደግፎ አነሳው። ደግፎት እንኳ ቅንጥስ አለ። ኦረስት በረዶው መሀል ቆሞ፣ ቫዮሊኑ እስኪያልቅ ድረስ፣ ሁለት እጆቹን እንደማያውቀው ሰው ዕቃ እያየ ቆየ። ከዚያ ጫማውን አውልቆ ወደ ቤቱ ሄደ። መጋቢት ላይ ሲጠይቁት እሺ አለ።